ከመንገዱ ማዶ የሚታይ ቀለም

ቀይ ቱባ ሰቅላ የጠበቀችው ሰው፣ ቱባውን አየና አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ራሄል ይህን በገዛ ዓይኗ ባታይ ኖሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰበብ ስትፈልግለት በከረመች ነበር። አሞት ይሆናል፣ መኪና ተበላሽቶበት ይሆናል፣ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል ትል ነበር። ግን አየችው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከተደረደሩት ባጃጆች ጀርባ ቆሞ በራቸው ላይ ያለውን ቱባ ትክ ብሎ አየው፤ ደግሞ አየው፤ ከዚያ ቆቡን ዝቅ አድርጎ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ለዚህ ምን ሰበብ ይገኝለታል?

የአባቷን የአቶ ወልደዮሐንስን ክር ቤት ነቀምቴ ውስጥ ሸማኔ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አቶ ወልደዮሐንስ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቁን ከከፈቱ ጀምሮ የማይቀር አንድ ልማድ አላቸው። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በበሩ መቃን ላይ ካለችው ምስማር አንድ ቱባ ክር ይሰቀላል። ቀለሙ የፈለገው ይሁን፤ ቱባ ካለ ሱቁ ክፍት ነው፣ ምስማሯ ባዶ ከሆነች ዝግ ነው። ቱባውን የምትሰቅለው ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ራሄል ናት፤ አሁን ሃያ አምስት ሞልቷታል።

ኢዶሳንም ያመጣላት ያው ክር ነው። ኢዶሳ አኖ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ አንድ ቅዳሜ ወደ ሱቁ ገባና፣ "ድር ነው ማግ?" ስትለው ከደረት ኪሱ አንዲት ላባ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

"ይህን የሚመስል ክር አለሽ?" አላት።

ራሄል ሳቀች። ግን የክር ነጋዴ ልጅ ናት፤ ላባዋን ይዛ ወደ ብርሃን ወጣች፣ አገላበጠቻት፣ ከመደርደሪያው ሦስት ዓይነት አረንጓዴ አውርዳ አንዱን መረጠች። ከዚያ ወዲህ ኢዶሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። በሁለተኛው ቅዳሜ የጭልፊት ነው ብሎ አንዲት ቡናማ ላባ ይዞ መጣ። ከዚያ ደብተሩን አመጣላት። በእያንዳንዱ ገጽ በእርሳስ የተሣለ ወፍ አለ፤ የምንቃሩ አጎነባበስ፣ የጅራቱ ርዝመት፣ የእግሩ ጣት ሳይቀር ተቆጥሮ ገብቷል። ቀለም ብቻ የለውም። እሷ ከየቱባው ጫፍ ቆርጣ በየሥዕሉ ጎን ትለጥፍለታለች። "ለተማሪዎቼ ነው" ይላታል። ሆሆ! ለተማሪ ተብሎ በየሳምንቱ ከአኖ ነቀምቴ ሚኒባስ ላይ የሚጋፋ ሰው የት አለ? ራሄል ምክንያቱን አውቄበታለሁ ብላ ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር።

ነገሩ ወደ ቁም ነገር ሲዞር ነው ጣጣው የመጣው። ሰውየው የገበሬ ልጅ፣ ደመወዙ የመምህር፣ የሚሄደው ጸሎት ቤት፤ እነ ራሄል ደግሞ የታወቁ ነጋዴ፣ የማርያም ጽዋ ጠጪዎች። እናቷ ወይዘሮ ሸዋረገድ አንድ ወር ሙሉ አቶ ወልደዮሐንስን ሲለምኑ ከረሙና በመጨረሻ ላይ፣ "በቃ ይምጡ፤ ሽማግሌ መስማት አይጠላም" አሰኟቸው። በአካባቢው ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል፤ በዚያ ላይ የአባቷ ልብ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ይጽና አይጽና ማንም አያውቅም። ስለዚህ ራሄል አስቀድማ ደብዳቤ ጽፋ፣ ከኢዶሳ ጋር አንድ ትምህርት ቤት በምታስተምረው በጓደኛዋ በሊሊሴ እጅ ላከችለት፦

"ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎችህን አጎትህ ዘንድ አስቀምጠህ ብቻህን በደጃችን እለፍ። አባቴ እቀበላለሁ ካለ ቀይ ቱባ እሰቅላለሁ፤ ሐሳቡን ከለወጠ አረንጓዴ። አረንጓዴ ካየህ አትግባ። በእኔ የተነሳ ሰው ፊት እንድትዋረድ አልፈልግም።"

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች፦ "እሺ።"

ያን ጠዋት አቶ ወልደዮሐንስ ለመስቀል በዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ። እስከ ቀትር ተቀመጡ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለሚስታቸው ሰጡና፣ "ደጄን ከፍቼ ተናቅሁ" አሉ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ልኮ፣ ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ገብተው ሆቴል አርፈዋል። እሑድ በቀትር ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል። ራሄል ስትጠየቅ፣ "እንዳላችሁ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ይህን ሁሉ እያሰበች ቅዳሜ ጠዋት ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ሳለ ሊሊሴ ከች አለች።

"አካም ጅርታ፣ ራሄል?"

"ፈያ" አለች ራሄል፤ ፊቷ ግን የደኅና ሰው አልነበረም። ከባንኮኒው ሥር የኢዶሳን ደብተር አወጣች። የመጨረሻውን ገጽ ክር እንድትለጥፍለት ትቶላት የሄደው ነው። "ይህን ስጪልኝ።"

"እኔ ፖስታ ቤት ነኝ?" አለች ሊሊሴ። "ዛሬ እዚሁ ከተማው ዳር ጉቶ ጊዳ ነው ያለው፤ ተማሪዎቹን ይዞ የአጎቱ ቡና ማሳ ውስጥ ወፍ ይቆጥራል። ራስሽ ሄደሽ ስጪው። ደግሞ ከስቷል፤ ብታይው ታዝኛለሽ። ምን ሆነሃል ስለው 'እነሱ ወስነዋል' ይለኛል እንጂ ሌላ አይናገርም።"

"እኛ ነን የወሰንነው?" አለች ራሄል። ደብተሩን መልሳ ወደ ደረቷ አስጠጋችው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አምቃ የያዘችውን ንዴት ይዛ ራሷ ልታደርስለት ወጣች።

*

ባጃጁ መንገዱ ካለቀበት አወረዳት፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ራሄል በመንገዷ ሁሉ የምትለውን ስታጠና ነበር። "ደብተርህ ይኸው። ጨዋ ሰው እምቢታውን በአፉ ይናገራል።" ይህችን ብቻ ተናግራ ትመለሳለች። አታለቅስም። ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሁለቱንም ጊዜ "ጨዋ" የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

ተማሪዎቹን ከቡናው አጠገብ ካለ በቆሎ ዳር ሣር ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ኢዶሳ ጀርባውን ሰጥቷት ተንበርክኳል። እውነትም ከስቷል።

"ቲቸር፣ ቀይ ናት! ፍም የመሰለች!" አለች አንዷ ልጅ በሹክሹክታ።

"ቀለም መጨረሻ ነው ብያለሁ" አለ ኢዶሳ። "ምንቃሯ?"

"አጭርና ወፍራም።"

"ስለዚህ ምን ትበላለች?"

"ጥራጥሬ!"

"ፊቷና ሆዷ?"

"ጥቁር።"

"ስትበርስ? ላባዋን ነፍታ እንደ ጥንዚዛ አትንሳፈፍም? እንዲህ ያለ ትዕቢት ደግሞ የወንዱ ነው። አሁን ቀለሙን ጻፉ፤ ያየ ይጻፍ።"

ቀለም መጨረሻ ነው። ራሄል ይህን ሕጉን ታውቀዋለች፤ ስንት ቅዳሜ ነግሯታል። ትልቅ ጥበብ ነው ብላ ስታደንቅለት ኖራለች። አሁንም ሳትፈልግ አደነቀችው፤ በዚህም ራሷን ተቀየመች።

ወደ እሱ ልትሄድ ስትል ከቡናው ጥላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወጡ። ኦቦ ጆቴ ናቸው፣ የኢዶሳ አጎት፤ በዚያ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ይመሩ የነበሩት። ባርኔጣቸውን አነሱላት።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? አባትሽ ደኅና ናቸው? እኛ አልተቀየምንም፣ ይህን ንገሪልን። ልጄን አልሰጥም ማለት የአባት ወግ ነው።"

ራሄል ክው አለች። "ማን ነው አልሰጥም ያለው?"

"አባትሽ ናቸዋ። አረንጓዴ ተሰቅሏል ብሎ ኢዶሳ ነግሮን ተመለስን።"

አረንጓዴ! በእጇ ያሰረችውን፣ በእጇ የሰቀለችውን ደማቅ ቀይ፣ አረንጓዴ ነው ብሎ ለሽማግሌዎቹ ዋሽቷል። የማይፈልጋት መሆኑ ሳያንስ እምቢታውን በአባቷ አፍ አደረገው። እንግዲህ ያጠናችው ንግግር ምን ሊበቃ? ከዚያ የከፋ ቃል እየፈለገች ፊቷን ወደ ተማሪዎቹ አዞረች።

ኦቦ ጆቴ አልገባቸውም፤ ቡናቸውን ማየት ጀምረው ነበር። "ያን ቅርጫት እንዳታደናቅፊው፣ ኢንተላ ኮ። ኢዶሳ ነው የለቀመው፤ እንደገና ይለቀማል" አሉና ሳቁ። "ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቡና መልቀም አይሆንለትም። የበሰለውን ካልበሰለው ጋር ይቀነጥሳል። አባቱ ገርፎታል፣ እናቱ ለምናዋለች፤ ወይ ፍንክች! ዓይኑ ወፍ ላይ ነው፣ እጁ ብቻ ነው ቡናው ላይ ያለው አልን። ኋላ ሲሰለቸን ለገበሬነት አይሆንም ብለን ትምህርት ቤት ሰደድነው።"

የራሄል እግር ቅርጫቱ ዘንድ ቆመ።

ወደ ውስጥ አየች። ግማሹ ደም የመሰለ ቀይ፣ ግማሹ ጥሬ አረንጓዴ። ዓይን ያለው ሰው እንዲህ አይለቅምም። ልጅ እንኳ አይስተውም። ደብተሩን አሰበች፤ ያን ሁሉ ወፍ ጣቱ ሳይቀር ቆጥሮ የሣለ ሰው፣ አንድም ቀለም በእጁ አለመጻፉን አሰበች። "ቀለም መጨረሻ ነው፤ ያየ ይጻፍ።"

አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ፍሬ አንስታ ሄደች። ኢዶሳ ሲያያት ከተንበረከከበት ተነሣ፤ የሚገባበት ጠፋው። እሷ ያጠናችውን ሁሉ ረስታዋለች። እጁን ይዛ መዳፉን ዘረጋችና ሁለቱን ፍሬዎች አስቀመጠችበት።

"የበሰለው የቱ ነው?"

ኢዶሳ ፍሬዎቹን በአውራ ጣቱ ሊጫናቸው ሞከረ።

"በእጅህ አይደለም" አለችው። "በዓይንህ።"

አንዱ ተማሪ ሳል አመለጠው። ኢዶሳ ልጆቹን፣ "ሂዱ፣ በወንዙ በኩል ያሉትን ቁጠሩ" ብሎ ሰደዳቸውና ብቻቸውን ሲቀሩ፣ "አላውቅም" አላት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተፈጠርኩ። ነጭና ጥቁር አይዋሹኝም፤ ሰማያዊና ቢጫም ይገቡኛል። ቀይና አረንጓዴ ግን ለእኔ መንታ ናቸው፤ ማን ማን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።"

"ታዲያ ያን ቀን?"

"ያን ቀን ጠቆር ያለ ቱባ አየሁ። ቀይም ሊሆን ይችላል፣ አረንጓዴም። አላፊውን ሰው አስቁሜ 'ይህ ምን ቀለም ነው?' ልል ነበር፤ አፈርኩ። ወፍ አስተማሪ ነኝ፣ ራሄል። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ። እንደ አቶ ወልደዮሐንስ ያለ ሰው ለእንደኔ ያለው ቀይ ያሰቅላል? አያሰቅልም አልኩ። ዓይኔ ያልነገረኝን ፍርሃቴ ነገረኝ፤ እኔም አመንኩት።"

"ለምን በደብዳቤ አልነገርከኝም? ለምን 'እሺ' አልከኝ?" አሁን እንባዋ መጣ። "አባቴ ኮቱን ለብሶ ጠብቆህ ነበር! እስከ ቀትር!"

ኢዶሳ መሬት የተከፈተለት ይመስል ወደ ታች አየ። "ኮቱን ለብሰው?" አለ። "እኔን ብለው?"

ራሄል እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አንድ ነገር ግን እያቃጠላት ነበር፤ ካልጠየቀችው አይወጣላትም። "ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው እንግዲህ ቀለም እንድለይልህ ነበር? እኔን ብለህ አይደለም?"

"የመጀመሪያው ቅዳሜ ለቀለሙ ነበር" አለ ኢዶሳ። "ለሁለተኛው ላባ አጣሁ። ከጎረቤት ዶሮ ነቀልኩ።"

"ያ ቡናማው? የጭልፊቱ?"

"የዶሮ ነው።"

ራሄል ያን ላባ ከስንት ቱባ ጋር አመሳክራ እንደለጠፈችው ትዝ አላት። ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት፤ እያለቀሰች ሳቀች። እሱም ሊስቅ ሲል ድንገት እጁን አነሣ። "እሽ!"

ከላያቸው ካለው ትልቅ ሾላ አናት ሻካራ ድምፅ መጣ። ኢዶሳ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ቱራኮ የሚሏት ወፍ ናት" አለ በሹክሹክታ። "የደብተሬ የመጨረሻ ገጽ።"

ራሄል አየች። ቅጠል ብቻ ነው። ስንት ዓይነት አረንጓዴ በስም ጠርታ የምትሸጥ ሴት፣ አረንጓዴው ሁሉ አንድ ሆኖባት ፈዛ ቀረች። "የታለች?"

"ቀለሟን ተይው። ወፍራሙ ቅርንጫፍ ሁለት የሆነበትን እይ። ነጭ ነገር አየሽ? ከዓይኗ ፊት ያለው ነጠብጣብ ነው። ከዓይኗ ኋላ ደግሞ ወደ አንገቷ የወረደ ነጭ መስመር። አሁን ራሷ ላይ የቆመውን ጉትያ እይው።"

ቅጠሉ ቀስ ብሎ ወፍ ሆነ። እዚያው ስታየው በነበረው ቦታ ላይ ጉንጭ ወጣ፣ ጉትያ ወጣ፣ ረጅም ጅራት ወጣ። ወፏ እንደ ሽኮኮ በቅርንጫፉ ላይ ሮጠች፤ ቆማ አንገቷን ሰብቃ አየቻቸው። ከእግሯ በታች ያለውን ነገር ሁሉ ረሳችው። እኔ ሳላያት ስንት ዘመን እዚህ ኖራለች? ይህ ሰውስ ምን ዓይነት ዓይን ነው የተሰጠው?

ከዚያ ወፏ ከሾላው ዘለለችና ክንፏን ዘረጋች።

ራሄል ጮኸች። የኢዶሳን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ጮኸች። ያቺ ቅጠል የመሰለች ወፍ ውስጧ ሁሉ ቀይ ነበር። ክንፏ እንዳለ ቀይ፣ ፀሐይ ያሳለፈው ቀይ፣ በየትኛውም ቱባ ላይ አይታው የማታውቀው ቀይ። ሁለቴ ሦስቴ ክንፏን መታች፣ ተንሳፈፈች፣ ማዶ ካለው ዋንዛ ውስጥ ገባች፣ ክንፏን አጠፈች። ቀዩ ጠፋ፤ ዛፉ ብቻ ቀረ።

"ተዘረጋ?" አለ ኢዶሳ።

"ተዘረጋ!" አለች። "ቀይ ነው፣ ኢዶሳ! ሙሉውን ቀይ ነው! እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ነገር ለምን ደበቀው?"

ዞራ አየችው። እሱ ወፏን እያየ አልነበረም፤ እሷን ነበር የሚያየው። ዓይኖቹ ሞልተዋል።

"መጽሐፍ ላይ ስንቴ አንብቤዋለሁ" አላት። "ቀይ እንዲህ መሆኑን ግን ዛሬ ፊትሽ ላይ አየሁት።"

ራሄል ሦስት ሳምንት የተሸከመችው ንዴት የት እንደወደቀ አላወቀችም። ፀሐይዋ ዘንበል ማለት ስትጀምር ግን የነጋዴ ልጅነቷ ተመለሰላትና የእሑዱን ቀጠሮ ነገረችው።

"ከአባቴ ጋር ዛሬ እነጋገራለሁ" አለችው። "ነገ ጠዋት ከአጎትህ ጋር ና። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ምስማሯ ባዶ ናት። ቱባ ተሰቅሎ ካየህ ግባ፤ ቀለሙ አያገባህም። ባዶ ከሆነች..." አልጨረሰችውም። ኢዶሳም እንድትጨርሰው አልጠየቃትም።

*

አቶ ወልደዮሐንስ ልጃቸው ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጡ። ወይዘሮ ሸዋረገድ እጃቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ወፍ ቆጣሪነቱ አልበቃ ብሎ ቀለም የማይለይ!" አሉ በመጨረሻ። "ለክር ነጋዴ ልጅ! ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ እኛ ሲያወራ ከርሟል፤ ምን ቀረው?" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ።

"አባዬ፣ አልናቀህም" አለች ራሄል። "ኮትህን ለብሰህ እንደጠበቅኸው ስነግረው ቀና ማለት አቅቶት ነበር።"

አቶ ወልደዮሐንስ ጺማቸውን ዳበሱ። "የሰቀልሽው የቱን ነበር?"

ራሄል ከሱቁ ቀዩን ቱባ አመጣችላቸው። አረንጓዴውንም አስመጡ። ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ፀሐይ ገና ጠልቃ ብርሃኑ እየሳሳ ነበር። አንዱን አስቀድመው፣ ሌላውን አስቀድመው፣ ዓይናቸውን ጭፍን ግልጥ እያደረጉ ረጅም ጊዜ ቆሙ። አርባ ዓመት ክር ሸጠው ክርን እንደዚያ ሲያዩት ራሄል አይታ አታውቅም። አንድ ነገር ለማየት ሳይሆን ላለማየት የሚጥሩ ይመስሉ ነበር።

"እና ይህን ሁሉ ወፍ በምን ይለየዋል?"

ራሄል ደብተሩን ዘርግታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ገጹን ገለጡ፤ ሌላውን ገለጡ። አንዱ ሥዕል ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉና፣ "ይህቺን አውቃታለሁ። አገር ቤት እንሰቱ ውስጥ ትገባ ነበር። ልክ እንዲህ ነው የምትቆመው" አሉ። ከዚያ ደብተሩን ሳይመልሱ ተነሡ።

"አባዬ፣ ታዲያስ?"

"እስቲ ይንጋ" አሉና መኝታ ቤታቸው ገቡ። ራሄል ሁለቱን ቱባዎች ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ቀረች፤ ተስፋዋና ፍርሃቷም እንደ ኢዶሳ ቀይና አረንጓዴ አልለይ አሏት።

*

ጠዋት የቀሰቀሳት ከሱቁ በኩል የመጣ ኮሽታ ነው። እሑድ ነው፤ እሑድ ሱቅ አይከፈትም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

አቶ ወልደዮሐንስ የመስቀሉን ኮት ለብሰው ወንበር ላይ ቆመዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ከሥር ሆነው ነጭ ድር ያቀብሏቸዋል። ምስማሯ ሞልታ አልፋለች። ከአንዱ መቃን እስከ ሌላው ገመድ ተወጥሮ፣ በላዩ ነጭ ቱባ፣ ከዚያም ነጭ ቱባ ተደርድሯል። መደርደሪያው ላይ ነጭ የሚባል አልቀረም።

ራሄል አፏን በእጇ ያዘች። "አባዬ፣ እኔ እኮ አንድ ቱባ ይበቃል ብዬው ነበር።"

"አንድ?" አሉ አቶ ወልደዮሐንስ ከወንበሩ ላይ ሳይወርዱ። "ይህ ሰው አንዴ ደጄን ስቶታል። አሁን ይሳተውና አየዋለሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለአዲስ አበባዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ" አሉ። "አቀብይኝ፣ ሸዋረገድ።"

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ቆመው አዩ። ባጃጆች ፍጥነታቸውን ቀነሱ። ራሄል ከድሩ ኋላ ገብታ ቆመች፤ በክሮቹ መሐል መንገዱን ታያለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያው በኩል መጡ። ኦቦ ጆቴ ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ኢዶሳ ከሁሉም ኋላ አንገቱን ደፍቶ። ከመንገዱ ማዶ ሲደርስ ቆመ። ያን ቅዳሜ የቆመባት ቦታ ናት። ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት፤ የሚያየውን እንደፈራ ቆቡን ዝቅ ከማድረጉ ታወቃት።

ቀና አለ።

ራሄል ያን ፊት ታውቀዋለች። ትናንት ሾላው ሥር ወፏ ክንፏን ስትዘረጋ የራሷ ፊት የሆነው እንደዚያ መሆን አለበት። ኢዶሳ ቆቡን አወለቀ። ማንንም ሳይጠይቅ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ፣ አጎቱን አልፎ መንገዱን ማቋረጥ ጀመረ። ባጃጅ ጡሩምባ ነፋበት፤ አልሰማም።

ራሄል ማንም ሳያያት አንዱን ነጭ ቱባ ሳብ አድርጋ ፊቷን ቀበረችበት። አባቷ ወንበሩ ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉና ኮታቸውን ሲቆልፉ ሰማች፤ ደስታ እንዲህ እንደሚከብድ ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።